የፀሐይ ሙቅ ውሃና የፀሐይ መብራት በባሕር ዳር ቤት፦ ከየት ይጀመር?

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት ይባላል። በጥር ወር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀዝቃዛ ሻወር የገባ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሰል ተቀጣጥሎ ድስት ይጣዳል፣ መብራት ካለም ማሞቂያው ይሰካና ቆጣሪው ይሮጣል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያው ቤት ጣሪያው እንደ ምጣድ ይግላል። ሙቀቱ ከላያችን ላይ ነው፣ እኛ ግን ሙቀት እየገዛን ነው።

ብዙ ሰው ሶላር ሲያስብ የሚታየው ፓኔልና ባትሪ ነው። ሱቅ ይገባና «ሻወሬን የሚያሞቅ፣ ምጣዴን የሚያስነሳ ባትሪ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አለ ይሉታል። ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሙቀትን በውሃ አስቀምጡ፣ መብራትን በባትሪ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ይህን ከያዛችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። 1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 1.16 ዋት ሰዓት ጉልበት ይፈልጋል። ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ 150 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህን ከባትሪ ልውሰድ ብትሉ፣ በተለምዶ የምንገዛው ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጣችሁ ግማሹን፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ 6 ባትሪ። ለአንድ ቀን ሻወር! ያንኑ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ግን ጣሪያ ላይ የተቀመጠ 2.5 ካሬ ሜትር ገደማ የውሃ ማሞቂያ በአንድ ጥሩ የፀሐይ ቀን ያለ ምንም ባትሪ ይሰበስበዋል። በእኛ አካባቢ በጠራ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ጉልበት ያርፋል፣ ጥሩ ማሞቂያ ደግሞ ግማሹን ያህል ወደ ውሃው ያስገባል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይምታታል። ከቆጣሪያችን የሚመጣው መብራት ራሱ ብዙ ጭስ የለውም። የአገሪቱ ኃይል በአብዛኛው ከውሃ ነው። እዚሁ ደጃችን ያለው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሚያዞረው የጣና ውሃ ነው። የእኛ ጭስ የሚወጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ ከከሰሉ፣ ከማገዶውና መብራት ሲሄድ በየሆቴሉ ደጃፍ ከሚጮኸው ጄኔሬተር። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ናፍጣ ደግሞ ወደ 2.7 ኪሎ። 1 ኪሎ ከሰል በባህላዊ መንገድ ለማክሰል ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ስለዚህ ሶላር የምናስገባው ከመብራት ኃይል መስመሩ ለመገንጠል አይደለም። ከሰሉንና ጄኔሬተሩን ለመተካት ነው። ይህ ሲገባችሁ ምን መግዛት እንዳለባችሁም ይቀልላል፦ መስመሩ ሲኖር ተጠቀሙበት፣ ሲጠፋ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ አዘጋጁ።

ሙቅ ውሃው

ሁለት ዓይነት ማሞቂያ ታገኛላችሁ። አንዱ ጠፍጣፋው ነው፣ ፍላት ፕሌት የሚሉት፤ ጥቁር ላሜራና የመዳብ ቱቦ በመስታወት ሳጥን ውስጥ። ሁለተኛው የመስታወት ቱቦዎች የተደረደሩበት ነው፣ ቫኪዩም ቱቦ። እያንዳንዱ ቱቦ እንደ ፔርሙዝ ነው፤ ሁለት መስታወት፣ በመሃላቸው አየር የወጣለት ባዶ ቦታ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከጠፍጣፋው ያነሰ ነው፣ ደመና ባለበት ቀንም ሙቀት የተሻለ ይይዛል። ጠፍጣፋው ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ውሃ ቢቋረጥበትም አይሰበርም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለባሕር ዳር ትልቅ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ።

መጠኑን እንዲህ አስሉ። ለአንድ ሰው በቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር ሙቅ ውሃ ይበቃል። 4 ሰው ላለበት ቤት 150 ሊትር፣ 5 ወይም 6 ሰው ከሆናችሁ 200 ሊትር። በቫኪዩም ቱቦው 1 ቱቦ ለ10 ሊትር ያህል ብላችሁ ያዙት፤ 200 ሊትር ከሆነ 20 ቱቦ። 12 ቱቦ ያለው «የ200 ሊትር» ማሞቂያ የሚሸጥላችሁ ሰው ለብ ያለ ውሃ እየሸጠላችሁ ነው።

አቅጣጫው በጣም ቀላል ነው። ጣና ከባሕር ዳር በስተሰሜን ነው። ጀርባችሁን ለሐይቁ ስጡና የምታዩት ደቡብ ነው፤ ማሞቂያውም ፓኔሉም ወደዚያ ይዙር። ጎርጎራ ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው፣ ፊታችሁን ወደ ሐይቁ። ዘጌና ደቅ ያላችሁ ግን በሐይቁ አትመሩ፣ ኮምፓስ ስልካችሁ ላይ አለ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ብዙ ታዘነብላለች፣ ከአናታችን 35 ዲግሪ ያህል። ሙቅ ውሃ አጥብቀን የምንፈልገውም ያኔ ስለሆነ ማሞቂያውን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ማዘንበል ጥሩ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ በዚያ ጊዜ ከቤቱ በስተሰሜን ያለ ዋርካ ወይም የጎረቤት ፎቅም ጥላ ሊጥልባችሁ ይችላል። ከመግጠማችሁ በፊት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላው የት እንደሚውል አንድ ቀን ቆማችሁ እዩ። ከተማችን ዛፏ ብዙ ነው፣ ደስም ይላል፤ ዛፍ ከመቁረጥ ማሞቂያውን ሦስት ሜትር ማንቀሳቀስ ይሻላል።

ክብደቱን አትናቁ። 200 ሊትሩ ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ፣ ታንከሩና ብረቱ ሲጨመሩ ከ300 ኪሎ ያልፋል። ሶሌታ ያለው ቤት ችግር የለበትም። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ቤት ግን ይህን አይችልም። እንዲህ ዓይነት ቤት ካላችሁ ከቤቱ ጎን በአንግል ብረት ወይም በወፍራም ቱቦላሬ የተበየደ ማማ አሠሩ፣ እግሩንም በኮንክሪት አስቀብሩ። የውሃ ሮቶ ማማ ካላችሁ እዚያው አጠገብ ማድረጉ ከሁሉም ያምራል። በግንቦት ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ የምታውቁት ነው፤ ብሎኑን በደንብ አስጠብቁ።

አሠራሩ ፓምፕ አይፈልግም። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል፣ በራሱ ይዞራል። ለዚህም ነው ታንከሩ ከሰብሳቢው፣ ማለትም ፀሐይ ከሚያርፍበት ጠፍጣፋ ሳጥን ወይም ቱቦዎች፣ በላይ የሚቀመጠው። ጠፍጣፋውን ለብቻ ከታንከር ጋር የምታገናኙ ከሆነ የታንከሩ ወለል ከሰብሳቢው አናት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አለዚያ ማታ ማታ ውሃው ወደ ኋላ እየዞረ የሰበሰባችሁትን ሙቀት ለሌሊቱ ብርድ ይሰጣል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀብለው ሮቶ ደግሞ ከሙቁ ታንከር አናት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ባሕር ዳር ውሃ ስለማይበርድ፣ ማለትም በረዶ ስለማይሆን፣ በረዶ የማይሠራ ልዩ ፈሳሽ ያለበትን ውድ ዓይነት አትግዙ። ቀጥታ ውሃውን የሚያሞቀው ይበቃችኋል።

አሁን ወደዚያ ወደ ውሃ መቋረጥ ልመለስ። አንድ ጎረቤቴ የቫኪዩም ቱቦ ማሞቂያ አስገጠመ። ውሃ ለ3 ቀን ጠፋ። ታንከሩ ባዶ፣ ቱቦዎቹ ባዶ፣ ፀሐይ ደግሞ ስታቃጥል ዋለች። በአራተኛው ቀን 7 ሰዓት ላይ ውሃ መጣ፣ በራሱ ገባ፣ ከዚያ እንደ ጥይት ድምፅ እየሰማን 6 ቱቦ ተሰበረ። ባዶ ቱቦ ፀሐይ ላይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው መስታወት ይፈነዳል። የገጠመለት ሰው ይህን አልነገረውም ነበር። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ወደ ሙቁ ታንከር የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በቀላሉ የምትደርሱበት ሳራሲኒስካ አድርጉ። ውሃ ተቋርጦ ታንከሩ ካለቀ ዝጉት። ሲመጣ ክፈቱት፣ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ጎህ ሳይቀድ ብቻ። ሰፈራችሁ የውሃ ፈረቃው የማይታመን ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 1,000 ሊትር ሮቶ ከላይ ይኑራችሁ፣ ወይም ጠፍጣፋውን ምረጡ።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር የመተንፈሻው ቀጭን ቱቦ ነው። ግፊት የሌለው ታንከር አናቱ ላይ ክፍት መተንፈሻ አለው። አንዳንዱ የቧንቧ ሠራተኛ ውሃ ይፈሳል ብሎ ይደፍነዋል። አትፍቀዱለት። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ ታንከሩን ይቀደዋል፤ ውሃ ስትቀዱ ደግሞ አየር መግቢያ ካጣ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። ውሃ ከፈሰሰ ችግሩ የሮቶው ከፍታ ወይም ባለ ኳሱ ቁልፍ ነው፣ እሱን አስተካክሉ። ግፊት ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የደኅንነት ቫልቩ በእጅ ሲነሳ ውሃ የሚተፋ መሆኑን በየ6 ወሩ ሞክሩ።

ቧንቧው ላይ ሦስት ነገር። ለሙቅ ውሃ ቀዩ መስመር ያለበትን ወፍራሙን ፒፒአር ግዙ፣ ስሱ የቀዝቃዛ ቧንቧ በሙቀት ይልማል። ከታንከሩ እስከ ሻወሩ ያለውን መንገድ አሳጥሩ፤ 15 ሜትር ቧንቧ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ይቀመጣል፣ ሻወር በከፈታችሁ ቁጥር ያ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋል። እና ቧንቧውን በስፖንጅ አልብሱት፣ ስፖንጁን ደግሞ በአልሙኒየም ቴፕ ጠቅልሉት፣ ምክንያቱም ራቁቱን የተተወ ስፖንጅ ፀሐይ በሁለት ዓመት ያፈራርሰዋል።

በበጋ ውሃው 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። 60 ዲግሪ ውሃ ቆዳን በጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል። ልጆች ካሉ ማቀላቀያ ቫልቭ አስገቡ፣ ካልተገኘም ሻወሩ ላይ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈትን ለሁሉም አስተምሩ። በሌላ በኩል ታንከሩን ሁልጊዜ 40 ዲግሪ ላይ ማቆየትም ጥሩ አይደለም፣ ለብ ያለ የቆመ ውሃ ለሳንባ በሽታ የሚዳርግ ባክቴሪያ ያፈራል። አልፎ አልፎ 60 ይድረስ።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ቀን ሙሉ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ለዚያ ታንከሩ ውስጥ 1.5 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይኑር። 150 ሊትሩን በ20 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ዋናው ነገር ጠዋት አለማብራት ነው። ጠዋት ካበራችሁት ታንከሩ ሞቆ ፀሐይ ምንም የምትጨምረው አይኖራትም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ውሃውን ነክታችሁ እዩ፣ ካልሞቀ ያኔ አብሩ። ለማሞቂያው የራሱ ብሬከር፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ያስፈልጋል። ኧርዝ የሌለው ማሞቂያ ያለበት ሻወር ውስጥ ማንም አይግባ።

መብራቱ

እዚህ የምትፈልጉትን ቁጠሩ፣ በወረቀት። ምሳሌ ልስጣችሁ። 8 ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለ5 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት። ቴሌቪዥን 80 ዋት ለ5 ሰዓት 400። ዋይፋይ 10 ዋት ቀንና ሌሊት 240። 4 ስልክ 60። ትንሽ ፍሪጅ በቀን ወደ 1,000። ድምሩ 2,060 ዋት ሰዓት። በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚለውጠው) ሩቡ ያህል ስለሚባክን ወደ 2,750 ከፍ አድርጉት። በክረምት የምታገኙትን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብላችሁ ስታካፍሉት 690 ዋት ይመጣል። ሁለት ባለ 400 ዋት ፓኔል ማለት ነው። ምጣዱም ማሞቂያውም ካውያውም እዚህ ዝርዝር ውስጥ እንደሌሉ ልብ በሉ። እነሱን ብትጨምሩ ቁጥሩ ሦስት አራት እጥፍ ያድጋል።

ባትሪው ላይ ልቆይ፣ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚያ ስለሆነ። የመጀመሪያውን የአሲድ ባትሪዬን ስገዛ ሻጩ ስለ ሙቀት አንድ ቃል አልነገረኝም። ኮርኒስ በሌለው መጋዘን ውስጥ ቆርቆሮ ሥር አስቀመጥኩት፣ እስኪሟጠጥም እጠቀምበት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት፦ የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፣ ከግማሽ በታች ሲወርድም ይጎዳል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይሰጣል፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜም ይሞላል ይወጣል። መጀመሪያ ዋጋው ይወደዳል። በዓመት አካፍላችሁ ብታስሉት ግን ይረክሳል። ላልኩት ቤት 24 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም፣ ማለትም 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ለሌሊቱም ለመብራት መጥፋቱም ይበቃል። የትኛውንም ብትገዙ በቤቱ ቀዝቃዛው ክፍል፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ አየር በሚገባበት አስቀምጡት። መኝታ ቤት አይደለም።

12 ቮልት ሲስተም ለትንሽ ነገር ብቻ ነው። 1,000 ዋት በ12 ቮልት ሲጎተት ከ80 አምፔር በላይ ነው፣ ሽቦውም ክንድ ያህል መሆን አለበት። በ48 ቮልት ግን ያው ኃይል 21 አምፔር ነው። ፍሪጅ ካለ ቢያንስ 24 ይሁን። ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን፣ ማለትም እንደ መስመሩ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ ይሁን፣ አለዚያ የፍሪጁ ሞተር እየጮኸ ይግላል። አውቶማቲክ ብሬከር ስትገዙ ደግሞ የፓኔሉ የዲሲ (የፓኔልና የባትሪ ዓይነት ኃይል)፣ የቤቱ የኤሲ (የመስመሩ ዓይነት ኃይል) መሆኑን እዩ። የኤሲ ብሬከር በዲሲ ላይ ሲጠፋ ብልጭታው አይቆምም፣ ይነድዳል። የፓኔሉን መያያዣ ፀሐይ ላይ እየሠራ አትንቀሉ፣ ለዚሁ ምክንያት።

ፓኔል ስትገዙ ሱቁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ላይ አስወጡትና በመልቲሜትር አስለኩ። ባለ 550 ዋቱ ሳይገናኝ ወደ 49 ቮልት፣ አምፔሩ ደግሞ በጥሩ ፀሐይ ወደ 13 ይጠጋል። ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፣ ከተለካው ጋር አወዳድሩ። ከዚህ ብዙ የሚያንስ ከሆነ ሰልባጅ ወይም ደረጃው የወረደ ነው። ሻጩ ማስለካት እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ፓኔሉን ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ከሥሩ አየር ይለፍ። ፓኔል ፀሐይን እንጂ ሙቀትን አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው 0.35 በመቶ ያህል ኃይሉ ይቀንሳል፣ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ፓኔል ደግሞ 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ብታዘነብሉት ዝናቡ ያጥበዋል። የሐይቁ ወፎች የሚያርፉበት ቤት ላይ ያላችሁ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳይግል በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። አንድ የወፍ ኩስ የአንድ ሙሉ ረድፍ ኃይል ወደ ታች ሊጎትት ይችላል።

መብረቁ እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ኧርዝ ማለት ሽቦውን ግድግዳ ላይ ማሰር ማለት እንዳልሆነ ለኤሌክትሪሻናችሁ ንገሩት። እርጥብ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ማለት ነው። የፓኔሉ ብረት፣ ኢንቨርተሩና የሰርጅ (ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ) መከላከያው ሁሉ ከዚያ ጋር ይገናኙ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን፦ ኢንቨርተሩን ወይም ጄኔሬተሩን ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ቤቱን በኋላ በር አታብሩ። መቀያየሪያ ማብሪያ አስገቡ፣ የመስመሩ ሲከፈት የእናንተ የሚዘጋበት። አለዚያ የእናንተ ኃይል ወደ መስመሩ ይመለሳል፣ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛም መስመሩ የሞተ መስሎት ይይዘዋል። እሱም ልጆች አሉት።

ምጣዱና ከሰሉ

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ከባትሪ አይታሰብም። ግን ከመስመሩ ሲጋገር በጣም ንጹሕ ነው፣ ስለዚህ ዘዴው ጊዜውን መምረጥ ነው። ምጣዱ እስኪግል ብዙ ኃይል ይበላል፤ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በሳምንት አንዴ የሳምንቱን መጋገር ይሻላል። ሊጡ ሊያልቅ ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀር ምጣዱን አጥፉት፣ የቀረው ሙቀት ያበስለዋል። እናቶቻችን በእንጨትም ይህንኑ ያደርጉ ነበር፣ እሳቱን ቀድመው ያወጡና በፍሙ ይጨርሱ ነበር። አከምባሎውም በደንብ የሚገጥም ይሁን።

መብራት ለማይታመንበት ቤት «ምርት» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ይኑር። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ጭሱም ከዓይን ይርቃል። ከአዊ በኩል የሚመጣው የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል ለቡና ይሁን፣ ቡናውን ማንም አይከለክላችሁም። ገላ ማጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ግን መሆን የለበትም። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ውሃን ለ40 ዲግሪ ብሎ ዛፍ ማንደድ።

ከከተማ ወጣ ብላችሁ፣ ዘንዘልማ ወይም ጢስ አባይ መንገድ ላይ ከብት ካላችሁ ባዮጋዝ አስቡ። ቢያንስ 4 ከብት ያስፈልጋል፣ እበቱ ከውሃ ጋር እኩል ተበጥብጦ በየቀኑ ይገባል። የእኛ አየር ከደጋው ስለሚሞቅ ጋዙ ዓመቱን ሙሉ ይወጣል። የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለጓሮ ጎመንና ለማንጎው ማዳበሪያ ነው።

ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ላላችሁ

ከ10 አልጋ በላይ ካላችሁ በየክፍሉ 5 ኪሎ ዋት የሚስብ የሻወር ማሞቂያ መስቀል ጄኔሬተራችሁን የሚገድለው ነው። እንግዳው ሁሉ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይታጠባል። በአንድ ላይ ትልቅ የፀሐይ ማሞቂያ አድርጉ፣ ከጎኑም ሂት ፓምፕ። ሂት ፓምፕ ማለት ፍሪጅ ተገልብጦ ነው፤ ከውጭው አየር ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ውሃው ይከታል። 1 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት በልቶ ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፣ እንደ ባሕር ዳር ለብ ባለ አየር ደግሞ በጣም ይመቸዋል። ቀን ላይ በፓኔሎቹ ኃይል እንዲሠራ ካደረጋችሁት ባትሪ ሳይነካ ታንከሩ ማታ ሙሉ ነው። ሙቀቱ የተቀመጠው ውሃ ውስጥ ነዋ። ታንከሩን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ፎም አልብሱት።

ጥገናው

በታንከሩ ውስጥ የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ዝገቱን በራሱ ላይ እየወሰደ ታንከሩን ያድናል። በየሁለት ዓመቱ አስወጥታችሁ እዩት፣ ቀጭን ሽቦ ብቻ ከቀረ ቀይሩት። የቫኪዩም ቱቦው ጫፍ የብር ቀለሙ ወደ ነጭነት ከተለወጠ አየር ገብቶበታል፣ ያንን አንዱን ብቻ ለውጡ። ታንከሩን በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም፣ ከሥር ከፍታችሁ ደለሉን አስወግዱ፣ ያውም በሌሊት።

ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት ቤተሰብ ጠቅልላችሁ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ውሃ የሚቀዳ ሰው ስለማይኖር ታንከሩ መፍላት ይጀምራል፣ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነውና ብዙም አይርቀውም። ጋቢ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ወይም ሸራ ቱቦዎቹ ላይ ጣሉና በገመድ እሰሩት። ስትመለሱ ማታ ፍቱት፣ በነጋታው ከሰዓት ሙቅ ውሃችሁ አለ።